ሰቆጣ ያልደረሰ መርዶ

ጌጤነሽ ቱፋ ከንቦቿ ጋር በኦሮምኛ ታወራለች፣ ከነጋዴ ጋር በአማርኛ ትጣላለች። ለምን ሲሏት፣ «ንቧ የቤቴ ናት፣ የቤቴን ቋንቋ ትሰማለች። የነጋዴው ጆሮ ግን የከተማ ነው» ትላለች። የተወለደችው ካቺሲ አካባቢ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለኦቦ ፈይሳ ተድራ ጉደር መጣች። ከዚያ ወዲህ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙን ቁልቁል ከሚያየው ቤቷ ርቃ አድራ አታውቅም ነበር፤ እስከዚያ ጉዞ ድረስ።

ጓሮዋ ውስጥ ሃያ ሦስት ቀፎ አለ። ግማሹ ፈይሳ ከቀርከሃ ሠርቶ በእበት የመረገው ነው፤ ግማሹ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመጣው ሣጥን። ፈይሳ ሣጥኖቹን «የቀበሌ ቤት» ይላቸው ነበር። «ንብ እንኳ ተመዝግባ ቤት ተሰጣት፤ እኛ ነን የቀረነው» እያለ ይስቅ ነበር።

ሳቁን ሰምቶ ቤቱን ደስታ የሞላው የሚመስለው ሰው ብዙ ነበር። ሁለቱ የወለዱት አንድ ልጅ ነው፣ ቶሌራ። በ2006 ሚያዝያ አምቦ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሰልፍ እንደወጣ ቀረ። በእኛ አገር ሞት ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ሰውየው ከመውደቁ በፊት የሚይዘው እጅ በዙሪያው ይቆማል። መርዶ ማለት ይሄ ነው፤ ሐዘንን ለብቻ እንዳይሸከሙት የተበጀ ወግ። ለጌጤነሽ ግን እንዲያ አልሆነላትም። ገበያ ውስጥ ጨው ስታስመዝን አንዲት የማታውቃት ሴት ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣ «የዚያ የሞተው ልጅ እናት አንቺ ነሽ?» አለቻት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አታስታውስም።

አራት ዓመት ከመንፈቅ ከጓሮዋ አልወጣችም። በ2011 ኅዳር፣ የማር ቆረጣው ካለፈ በኋላ፣ አንድ የንብ ፕሮጀክት «ልምድ ልውውጥ» የሚሉትን ጉዞ አዘጋጀ። ከአራት አገር አራት ንብ አናቢ፣ አንድ ሚኒባስ፣ አሥራ ስምንት ቀን። ከጉደር በኩል ሴት ትሁን ተባለና የጌጤነሽ ስም ተጻፈ። እሷ እንቢ አለች።

«አንተን ማን ያበላሃል?» አለችው ባሏን።

«ማር ቤቱ ሞልቶ የሚራብ ሰው አለ እንዴ? ሂጂ አንቺ ሴትዮ። እዚህ እርስ በርስ እየተያየን አረጀን። አንዳችን እንኳ ወጥቶ ወሬ ያምጣ።»

ሄደች። ሚኒባሱ ውስጥ ያገኘቻቸው ሦስት ሰዎች በምንም አይመሳሰሉም። ሲሞን ከቦንጋ ነው፤ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ፣ ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ሲወጣ መዝሙር የሚዘምር ጴንጤ። ሐምዲያ ከጎማ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አርባ ቀፎ ለብቻዋ የምታስተዳድር፣ ንብ ሲነድፋት «አልሐምዱሊላህ፣ ይሄን ወገቤን ያመኝ ነበር» የምትል። ሦስተኛው መልአኩ ነው፣ ከሰቆጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጭኑ ላይ የያዘው ቅል ውስጥ እንደ ወተት የነጣ ማር ነበረው፤ አይናገርም፣ ግን ያንጎራጉራል።

ጊዜው የነቢያት ጾም ነበር። ሥጋ ቢሆን ኖሮ ሐምዲያ ለብቻዋ፣ ክርስቲያኖቹ ለብቻቸው ነበር ትሪ የሚያስቀርቡት፤ የማን እጅ ያረደው እንደሆነ ይጠየቃልና። ሽሮና ምስር ግን ማንም አላረደውም። ከመጀመሪያው ቀን ምሳ ጀምሮ አራቱም ከአንድ ትሪ በሉ። ቅር ያለው ሲሞን ብቻ ነው።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለ። «ጌታ ነጻ አውጥቶኝ ሳለ ሽሮ አሰረኝ።»

«ጥብስህን እዘዝ፣ ማን ያዘህ?» አለችው ሐምዲያ። «ብቻህን እዚያ ጥግ ቁጭ ብለህ ትበላለህ፤ እኛም እናይሃለን።»

ሲሞን ወደ ጥጉ አየ፣ ወደ ትሪው አየ፤ ከዚያም እጁን ታጥቦ መጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ሥጋ የሚባል ነገር አላነሳም።

ቦንጋ ጫካው ሰማይ ይሸፍናል። ጌጤነሽ ሲሞን በገመድ ሽቅብ ወጥቶ ከቅጠሉ ውስጥ ሲጠፋ ቀና ብላ አየች። ከዚያ ወደ ሰቆጣ ሲያልፉ ጫካው ወደ ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦው ወደ ድንጋይ ተለወጠ፤ በዚያ ደረቅ መሬት ላይ ንብ ምን በልታ ያን ነጭ ማር እንደምትሠራ አልገባትም። የመልአኩ ቤት አንድ ክፍል ነው። ቀፎዎቹ ከድንጋዩ ግድግዳ ውስጥ ተሠርተዋል፤ ሰውና ንብ በአንድ ግድግዳ ይኖራሉ። ቡና አፍልቶ የሚጠብቅ፣ «ልጄ መጣህ?» የሚል ሰው አልነበረም። እናቱ እሱን ስትወልድ ሞታለች። አባቱም ሕፃን ሳለ ሞቷል፤ አያስታውሰውም። ያሳደገው አጎቱም ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ መልአኩ የጌጤነሽን ክንድ ያዘ። «ቀስ በይ እማ» አላት። ያን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ያለው ያኔ ይሁን ቀደም ሲል፣ ሁለቱም አያውቁትም።

በመጨረሻው ጉዞ፣ አዲስ ዓለምን ሲያልፉ፣ መልአኩ ወደ ማርያም ዞሮ ተሳለመና ድምፁን ከፍ አድርጎ አንጎራጎረ።

ንብ አበባ ቀስማ፣ ማር ይዛ ትገባ፤
ሰው አገር ቀስሞ፣ ይገባል በእንባ።

ሾፌሩ ቴፑን ዘጋው። እስከ አምቦ ድረስም መልሶ አልከፈተውም። ጌጤነሽ በመስኮቱ የምታውቀውን የራሷን አገር ታይ ነበር፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ። አገሩ እንግዳ ሆኖባት ነበር። ወይም እሷ።

ጉደር ሦስት ቀን ቆዩ። ፈይሳ እንግዶቹን አንድ በአንድ ወደ ጓሮ ወስዶ የቀበሌ ቤት ቀልዱን ነገራቸው። ለመልአኩ ግን ቀልዱን አልነገረውም። ቀኑን ሙሉ አብረው ቀፎ ሲከፍቱ ዋሉ፤ አንዱ ያጨሳል፣ አንዱ ሰም ይቆርጣል። የፈይሳ አማርኛ የገበያ ነው፤ የመልአኩም ቢሆን ሁለተኛ ቋንቋው ነው፣ በቤቱ የሚናገረው የአገሩን ኽምጣንጋ ነውና። ግን አልተቸገሩም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ፈይሳ ታናሽ ወንድሙን ዋቅጋሪንና ሁለት ሽማግሌዎችን ጠራ። ሚስቱን እንኳ አላማከረም።

«ልጃችን ሞተብን» አለ መልአኩን ትክ ብሎ እያየ። «የአንተም አባት ሞተብህ። እንግዲህ ምን እንጠብቃለን?»

ከሰቆጣው ነጭ ማርና ከጉደሩ ማር በአንድ ጣባ አቀላቀለ። አውራ ጣቱን ነከረና ዘረጋለት። መልአኩ ተንበርክኮ ጣቱን ጠባ። ቀጥሎ የጌጤነሽን። በእኛ በኩል የጡት ልጅ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ደም ያልሰጠውን ማር ይሰጣል። ሐምዲያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሲሞን አንገቱን ደፋ።

ዋቅጋሪ መረቀ፤ ከምርቃቱም በኋላ ሕጉን ተናገረ። «ስማ መልአኩ። የጡት ልጅ መሆን ማር መላስ ብቻ አይደለም። ፈይሳ ሲታመም ትሰማለህ። ሲሞት የትም ብትሆን ትመጣለህ፤ አፈሩን የምትመልስበት አንተ ነህ። እኛም ሳንነግርህ አንቀብርም። ይሄ ቃል ነው።»

«ቃሌ ነው» አለ መልአኩ።

በማግስቱ ጠዋት አምቦ መናኸሪያ ተለያዩ። ጌጤነሽ ለሁሉም አንዳንድ ጆግ ማር አሸከመቻቸው፤ እነሱም ከየአገራቸው የያዙትን አሸከሟት፤ ማር ለማር ተለዋወጡ። ሐምዲያ ጌጤነሽን አቅፋ፣ «እህት አልነበረኝም፤ በስተርጅና አንቺን ሰጠኝ» አለች። ሲሞን እያለቀሰ፣ «አሁን ቤቴ ሄጄ ሥጋ እበላለሁ፣ ግን አይጣፍጠኝም» አለ። መልአኩ በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብሎ እጇን እንደያዘ ሞተሩ ተነሣ። ያቺን ግጥም ለእሷ ብቻ ያላት ያኔ ነው፤ ጌጤነሽ እስከ ዛሬ በቃሏ ትይዛታለች።

መንገዱን አልጠላው፣ እሱ አገናኝቶኝ፤
መንገዱን አልወደው፣ እሱው አለያይቶኝ።

አንድ ዓመት በስልክ ኖሩ። የመልአኩ መንደር ኔትወርክ የለም፤ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይደውላል። መጀመሪያ እማን፣ ቀጥሎ አባን። ከፈይሳ ጋር የሚያወሩት ስለ ንብ አውራና ስለ መንጋ ነው። መልአኩ አገባ። ሚስቱ አረገዘች። ፈይሳ ያን በሰማ ቀን የሚያገኘውን ሰው ሁሉ፣ «አያት ልሆን ነው፣ በሰቆጣ በኩል» እያለ ዋለ።

በ2012 ኅዳር ፈይሳ ታመመ። ብርድ ነው ተባለ። ሳንባው ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አረፈ።

ያን ሰሞን መንገዱ ክፉ ነበር። አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከአውቶቡስ ወርደው የተወሰዱ ሁለት ሰዎች እስካሁን አልተገኙም። የሚወስደው ማን እንደሆነ ሰው በጆሮ ያወራል እንጂ ጮክ ብሎ አይናገርም። መታወቂያህ የት እንደወጣ፣ አፍህ በየትኛው ቋንቋ እንደተፈታ፣ በመንገድ ላይ ዕድሜ የሚያረዝምና የሚያሳጥር ነገር ሆኖ ነበር።

ዋቅጋሪ ሬሳው ፊት ቆሞ፣ «መልአኩ ይነገረው» አለ። «ሳንነግርህ አንቀብርም ብያለሁ፣ በአፌ።»

«ከነገርኩት ይመጣል» አለች ጌጤነሽ።

«እንዲመጣ እኮ ነው የሚነገረው።»

«ይመጣል ዋቅጋሪ፤ ብለምነውም አይቀርም። አንተው ነህ አፈሩን ትመልሳለህ ያልከው። አንዱን ልጄን መንገድ በላብኝ። ሁለተኛውን በገዛ አፌ ጠርቼ አልሰጥም።»

ዋቅጋሪ ብዙ ተከራከረ። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ የፈይሳ ቤት ነው፤ ያንቺ ነው» ብሎ ወጣ። ፈይሳ በማግስቱ ተቀበረ። የልጅ ቦታ ላይ ማንም አልቆመም።

በሦስተኛው ቀን ጌጤነሽ ሐምዲያና ሲሞን ጋ ደወለች። ስልኩ ላይ አብረዋት አለቀሱ። ከዚያ ለመልአኩ እንዳይነግሩት አስማለቻቸው። «መንገዱ ይሻላል፤ ያኔ እኔው እነግረዋለሁ» አለች። ሐምዲያ በአላህ ማለች። ሲሞን፣ «እኛ አንምልም፤ ግን ከአፌ አይወጣም» አለ።

እሁድ መጣ። መልአኩ ደወለ።

«አባን ስጪኝ።»

«ቀፎ ጋ ነው ልጄ።»

በሚቀጥለው እሁድ ካቺሲ ሄዷል። በሚቀጥለው ተኝቷል። በሚቀጥለው ጉሮሮው ተዘግቶ ድምፁ አይወጣም። ጌጤነሽ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ውሸት እንደ ጀማሪ ሸማኔ ነበር የምትሠራው፣ በየቦታው ክሩ ይበጠስባታል። በየሳምንቱ ዓርብ ላይ እሁድን ማሰብ ትጀምራለች። ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ማልቀስ እንኳ ተከለከላት፤ እሁድ እንዳይሰማባት ቅዳሜ ዕለት ጉሮሮዋን ትጠብቅ ነበር።

በፋሲካ መልአኩ እንቢ አለ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ክርስትናው ደርሷል። «አባን ሳላናግር ስልኩን አልዘጋም» አለ። «ተጣልቶኝ ከሆነ ንገሪኝ እማ። ምን አጠፋሁ?»

ዋቅጋሪ ለበዓሉ መጥቶ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ጌጤነሽ የስልኩን አፍ በመዳፏ ይዛ አየችው። ወንድማማቾቹ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ፈይሳ በሕይወት ሳለ ከውጭ ሲጣሩ ጎረቤት ይሳሳት ነበር።

«የሞተ ሰው ድምፅ መዋስ ምን ይባላል?» አላት ዋቅጋሪ በሹክሹክታ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለችው። «ሳል ሳል አድርግና አንድ ቃል በለው።»

ዋቅጋሪ ስልኩን ተቀበለ። ሳለ። «ኢልማ ኮ፣ ነጋ?» አለ፤ ልጄ፣ ሰላም ነህ ማለቱ ነው።

ከሰቆጣ በኩል የሳቅና የልቅሶ መሐል የሆነ ድምፅ ተሰማ። «አባ፣ አባ አንተ ነህ? ወንድ ልጅ ነው አባ። ስም አውጣለት። ያላንተ አልሰይመውም ብዬ ጠብቄያለሁ።»

ዋቅጋሪ ጌጤነሽን አየ። እሷ መሬት መሬት ታይ ነበር። ስም ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ የአባት እስትንፋስ ነው የሚባለው። አሮጌው ሰውዬ ግን ስልኩን ይዞ መዝጋትም፣ እውነቱን መናገርም አቃተው።

«አያና በለው» አለ። «ዋቃ ያሳድግልህ።»

ስልኩን መልሶላት ወጣ። ባርኔጣውን ረስቶ ነው የሄደው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጌጤነሽ ቤት እሁድ አይመጣም።

መንገዱ አልተሻለም፤ የእሁዱም ሰበብ አላቆመም። የፈይሳ ሙት ዓመት በደረሰ ጊዜ እንነግረዋለን ያሉት ወሬ በሌላ ወሬ ተዋጠ፤ በሰሜን ጦርነት ተነሣ። የሰቆጣ ሰው ራሱ ከቤቱ መውጣት ያስፈራው ነበር። «በዚህ ላይ መርዶ ልጨምርበት?» አለች ጌጤነሽ። ደግሞም፣ ይሄን ለሲሞን ብቻ ነው የነገረችው፣ መርዶው በዘገየ ቁጥር የምታረዳው ሞቱን ብቻ አልነበረም፤ ውሸቷንም ነው። ሞት ይነገራል። ያኛውን እንዴት ብላ?

በ2013 ግንቦት የኢድ ዕለት መልአኩ ሐምዲያን «እንኳን አደረሰሽ» ሊላት ደወለ። ሐምዲያ መሐላዋን አልረሳችም። ግን ዓመት ከመንፈቅ አልፏል፤ በየትም አገር ቢሆን የተደበቀ መርዶ ከሙት ዓመት አያልፍም። ሰምቶ አልቅሶ ጨርሷል ብላ አሰበች። «አባትህ እንዲህ ያለውን ቀን ይወድ ነበር፣ አላህ ጽናቱን ይስጥህ፤ ሙት ዓመቱን እንዴት አሳለፋችሁት?» አለችው።

በማግስቱ መልአኩ ጌጤነሽ ጋ ደወለ። ቀኑ ዓርብ እንጂ እሁድ አልነበረም። ጌጤነሽ ቁጥሩን ስታይ አወቀች።

«እማ» አለ። ድምፁ ጸጥ ያለ ነበር። «አምና በፋሲካ ያናገርኩት ማንን ነው?»

«ዋቅጋሪን» አለች።

ከኮረብታው ላይ ነፋሱ ይሰማት ነበር።

«ልጄን በዚያ ስም እየጠራሁት አንድ ዓመት ኖርኩ» አለ። «አባቴ ያወጣለት ነው እያልኩ ለሰው አወራሁ።»

«መንገዱን ፈርቼ ነው ልጄ። እንዳትመጣ ነው። ቶሌራን . . .»

«መንገዱ የእኔ ነበር እማ። መፍራትም መምጣትም የእኔ ነበር። አንቺ የቶሌራን ሞት ገበያ መሐል ነው የሰማሁት ብለሽ ያለቀስሽብኝ ሴት ነሽ። እኔም ፍየል እየጠበቅሁ በስልክ፣ ብቻዬን ሰማሁት።»

እሷ ለመናገር ሞከረች። እሱ ሊያንጎራጉር ነው የመሰላት፤ ግን ዜማ አልነበረውም፣ እንዲሁ በንባብ ነው ያለው።

አባት ሞቶ ኖሯል፣ ልጁ ሳያለቅስ፤
እኔ ማር ስቆርጥ፣ እሱ አፈር ሲለብስ።

«የአባቴ ሞት ለእኔ አልተነገረኝም» አለ በመጨረሻ። «እንግዲያው የእኔም ሞት ለአንቺ አይነገርሽ።» ዘጋው።

ስድስት እሁድ ጠበቀች። በሰባተኛው ራሷ ደወለች፤ ጠራ፣ አላነሣውም። እንዲያ እንኳ ሲጠራ ደስ ይላት ነበር። ነሐሴ ላይ መጥራቱም ቀረ። ጦርነቱ ሰቆጣ ደርሶ ነበር፤ መብራቱም፣ ስልኩም፣ መንገዱም አንድ ላይ ጠፋ። ሬዲዮ ላይ የአገሩን ስም ስትሰማ ድምፁን ትጨምራለች፣ ከዚያ የሚሉት ነገር በኦሮምኛም በአማርኛም አልገባ ሲላት ትዘጋዋለች።

ስልኩ ለአገሩ ተመልሷል ከተባለም ሁለት ዓመት ሆነው። የመልአኩ ቁጥር አሁንም አይሠራም። ተሰደደ ይሆናል። ቁጥር ለውጦ ይሆናል። ተቀይሟት፣ በሕይወት ቁጭ ብሎ፣ አያናን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይሆናል። ዋቅጋሪ አንድ ቀን፣ «እንግዲህ ለቅሶ ተቀመጪና ይውጣልሽ» ቢላት፣ «ማን አረዳኝና?» አለችው። ያልተረዳ ሰው ለቅሶ አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ ሟርት ነው። ካልተቀመጠች ደግሞ፣ ሞቶ ከሆነ ልጇን ሳታለቅስለት እየኖረች ነው። ነጠላዋን እንዴት እንደምታጣፋ እንኳ አታውቅም።

ባለፈው ክረምት ሐምዲያን ጠየቀቻት። ሐምዲያ፣ «ወላሂ ምንም አልሰማሁም» አለች። ጌጤነሽ ማመን ፈለገች። ግን ይሄ መሐላ ሐምዲያ ያኔ ለመልአኩ እንዳትነግረው የማለችው ያው መሐላ ነው፤ መደበቁንም ከማን እንደተማረችው ጌጤነሽ ታውቃለች።

ከዚያ ሲሞን ጋ ደወለች። ሲሞን አሁን ብዙ አይቀልድም። ስለ ጤናዋ ጠየቃት፣ ስለ ቀፎዎቹ ጠየቃት። ከሃያ ሦስቱ ዘጠኝ መቅረቱን ነገረችው።

«ሲሞን» አለች። «ሞቷል?»

«አላውቅም እማ ጌጤ።»

«ብታውቅ ትነግረኛለህ?»

ሲሞን የማይምል ሰው ነው።

«መንገዱ ክፉ ነው» አለ። «አንቺ ደግሞ ብትሰሚ ተነሥተሽ ትሄጃለሽ።»

ጌጤነሽ ስልኩን አልዘጋችም። እሱም አልዘጋም። በቦንጋ በኩል ዝናብ ቆርቆሮ ይመታ ነበር፤ ጉደር ደግሞ ገና ማካፋቱ ነው። ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም እንደዚያ ቆዩ።